የሽልማት ማኅተም ያለበትን ልብ ወለድ ገዝቶ ላለመቆጨት

ሽፋኑ ላይ ክብ ወርቃማ ማኅተም የታተመበትን ልብ ወለድ ከመደርደሪያ አንስቶ «ይህንንስ አዋቂዎች መርምረውታል» እያለ ኪሱን ያልዳበሰ አንባቢ ጥቂት ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት በዚሁ መንገድ ስገዛ ቆይቼ፣ ስልሳኛው ገጽ ላይ ዕልባት እንደተደረገባቸው የቀሩት ተሸላሚ መጻሕፍት ቤቴን እያጣበቡ ሲመጡ፣ ማኅተሙን የምረዳበት መንገድ ስሕተት እንደነበረ ዘግይቶ ገባኝ። ሽልማት ማለት ጥቂት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ደንብ ታስረው፣ ከቀረበላቸው ክምር መካከል የተስማሙበት ምርጫ ማለት ነው። ሰዎቹ እነማን፣ ደንቡ ምን፣ ክምሩም ከየት የመጣ እንደሆነ ለይቶ ያወቀ አንባቢ ከዚህ ምርጫ ብዙ ይጠቀማል፤ ይህን ሳያጣራ የሚገዛ ግን ገንዘቡን በማያውቀው ሰው ጣዕም ላይ ያውላል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወሮቹን ግን ለማስታወስ እንዲቀል በእኛው አቆጣጠር ጠርቻቸዋለሁ።

ሰውን ነው ወይስ መጽሐፍን የሚሸልመው?

በመጀመሪያ መጣራት ያለበት ይህ ነው። ከ1901 ጀምሮ የሚሰጠው የሥነ ጽሑፍ ኖቤል የሚሸልመው ደራሲውን ስለ መላ የሕይወት ሥራው ስለሆነ፣ «የኖቤል ተሸላሚ መጽሐፍ» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥምዎ ሻጩ አሳጥሮ መናገሩ እንደሆነ ይወቁ። ደራሲው አሥራ አምስት መጻሕፍት ጽፎ ከሆነ፣ በእጅዎ የያዙት ከሁሉ ደካማው ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ መስከረም ሊገባደድ ሲል የስዊድን አካዳሚ ስም እስኪጠራ ድረስ የሚናፈሰውን የዕጩዎች ወሬም ብዙ አይመኑት፤ የዕጩዎቹ ስም ለ50 ዓመት በምስጢር የሚጠበቅ ነውና የሚወራው ሁሉ ግምት ነው።

ታዲያ ከኖቤል ተሸላሚ ሥራዎች በየትኛው ልጀምር ለሚል አንባቢ አንድ አስተማማኝ ዘዴ አለ፤ ከደራሲው ሥራዎች መካከል ቀደም ሲል በነጠላ መጽሐፍ ሽልማት ዝርዝር ውስጥ የገባውን መፈለግ ነው። የዛንዚባር ተወላጁ አብዱልራዛቅ ጉርና በ2021 ኖቤል ሲሸለም አብዛኛው አንባቢ ስሙን እንኳን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ይሁን እንጂ «ፓራዳይዝ» የተሰኘው ልብ ወለዱ በ1994 በብሪታንያው የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዘንድ ተመዝግቦ ነበር። ዩሱፍ የተባለ ልጅ አባቱ ላለበት ዕዳ መያዣ ሆኖ ለአንድ ነጋዴ ይሰጥና በምሥራቅ አፍሪካ የሲራራ ንግድ ውስጥ ያድጋል፤ ለሲራራ ነጋዴ ታሪክ ባዕድ ላልሆነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ የቀረበ መግቢያ በር አላውቅም። የደቡብ ኮሪያዊቷ ሀን ካንግም በ2024 ለኖቤል ከመብቃቷ ስምንት ዓመት በፊት «ዘ ቬጀቴሪያን» በተሰኘው ልብ ወለዷ ከተርጓሚዋ ጋር ዓለም አቀፉን ቡከር ወስዳ ነበር።

ቡከር በአንጻሩ በአንድ ዓመት ውስጥ የወጣን አንድ መጽሐፍ ይሸልማል። በ1969 ሲጀመር ለኮመንዌልዝ አገሮችና ለአየርላንድ ደራስያን የተወሰነ ሆኖ ኖሮ፣ ከ2014 ወዲህ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ በብሪታንያ ወይም በአየርላንድ እስከታተመ ድረስ የደራሲው ዜግነት አይጠየቅም። ይህ የደንብ ለውጥ እኛንም ይነካናል። አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ የምትኖረው መዓዛ መንግሥቴ የ1928 ዓ.ም.ቱን የኢጣሊያ ወረራ በሴት ተዋጊዎች ዐይን ያየችበት «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ2020 ከስድስቱ የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ የሆነው በዚህ በር ገብቶ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎሙ መጻሕፍት የተለየው ዓለም አቀፉ ቡከር ከ2016 ጀምሮ 50,000 ፓውንዱን ለደራሲውና ለተርጓሚው እኩል ያካፍላል። የትርጉም ሥራ ለሚወድ አንባቢ የተርጓሚውን ስም ይዞ ሌሎች ሥራዎቹን ማደን ከዚህ ዝርዝር የሚገኝ ትልቅ ጥቅም ነው።

ረጅም ልብ ወለድ ለማንበብ ጊዜ ያጣ ሰው ደግሞ ወደ ኬን ሽልማት ይሂድ። ከ2000 ጀምሮ ለአፍሪካውያን ደራስያን አጭር ልብ ወለድ የሚሰጥ ሲሆን፣ በ2021 ያሸነፈችው ሜሮን ሃደሮ ናት። «ዘ ስትሪት ስዊፕ» የተባለው ታሪኳ በአዲስ አበባ ጎዳና በሚጠርግ ወጣት ተስፋ ላይ ያጠነጥናል፤ በአንድ ምሽት ተነብቦ ያልቃል፣ ስለ እርዳታ ድርጅቶችና ስለ ተስፋ የሚያነሳው ጥያቄ ግን ሳምንቱን ሙሉ አይለቅም።

የምናብ ዓለምን፣ የሳይንስ ልብ ወለድን ወይም የወንጀል ምርመራን የሚወድ አንባቢ በቡከር ዝርዝር ውስጥ የሚፈልገውን እምብዛም አያገኝም፤ የራሱ ሽልማቶች አሉት። በሳይንስና በምናባዊ ልብ ወለድ ዘርፍ ከ1953 ጀምሮ የሚሰጠው ሁጎ አሸናፊውን የሚለየው በአንባቢዎቹ በራሳቸው ድምፅ ነው። ኤን. ኬ. ጀሚሲን በ2016፣ በ2017 እና በ2018 አንዱን ተከታታይ ታሪክ የሚተርኩትን ሦስት መጻሕፍቷን በተከታታይ አሸልማበታለች።

ዳኞቹና ክምሩ

የቡከር ዳኞች አምስት ናቸው። በ2024 ያነበቧቸው መጻሕፍት 156 ነበሩ፤ ከእነዚህ አሥራ ሦስቱን በረጅሙ ዝርዝር አውጥተው፣ ወደ ስድስት ቀንሰው፣ በመጨረሻ በሳማንታ ሃርቪ «ኦርቢታል» ላይ ተስማምተዋል። 156 መጻሕፍትን በጥቂት ወራት ውስጥ ያነበበ ሰው ከሌሎቹ ሁሉ ለየት ብሎ ለሚታየው መጽሐፍ እንደሚያደላ መገመት አያስቸግርም፤ እኔ ግን በዓመት አሥር መጽሐፍ ከጨረስኩ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝና የመለየት ጉጉቴ የእነርሱን ያህል አይደለም። በዚያ ላይ መጻሕፍቱን በአብዛኛው የሚያቀርቡት አሳታሚዎች ስለሆኑ፣ አሳታሚው ያላቀረበው መጽሐፍ ምንም ቢበልጥ ከዳኞቹ ዐይን ሊሰወር ይችላል።

ዳኞችም ሁልጊዜ አይስማሙም። በ1992 ቡከር ለሁለት መጻሕፍት ተከፍሎ ስለተሰጠ፣ ዳግመኛ እንዳይከፈል ደንብ ወጣ፤ በ2019 የነበሩት ዳኞች ግን ደንቡን እያወቁ ጥሰው ለማርጋሬት አትውድና ለበርናርዲን ኤቫሪስቶ በአንድነት ሰጡት። በአሜሪካ ፑሊትዘር ገምጋሚዎች ሦስት መጻሕፍትን ያቀርባሉ፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ግን ሌላ ቦርድ ነው፤ በ2012 ቦርዱ በአንዱም ላይ አብላጫ ድምፅ ስላላገኘ ለልብ ወለድ ሽልማት ሳይሰጥ ቀርቷል። የፈረንሳዩ ጎንኩር ገንዘብ ደግሞ አሥር ዩሮ ብቻ ነው፤ ሀብቱ የሚመጣው ከሚሸጠው ቅጂ ነውና። አንድ ደራሲ ይህን ሽልማት ከአንድ ጊዜ በላይ መውሰድ አይችልም፤ ሆኖም ሮማን ጋሪ በ1956 በስሙ፣ በ1975 ደግሞ በብዕር ስም ተሸልሞ ዳኞቹን ያለ ፈቃዳቸው ደንባቸውን አሽሯቸዋል። ይህን ታሪክ ባነሳሁት ቁጥር ያስቀኛል።

ከሁሉ ይልቅ የእኔን ጣዕም የሚያገኝልኝ የደብሊን ሽልማት ነው። ዕጩዎቹን የሚጠቁሙት በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ ይህም ማለት መጻሕፍቱ ወደ ዳኞች ከመድረሳቸው በፊት በአንባቢ እጅ አልፈዋል ማለት ነው። የሽልማቱ መጠን 100,000 ዩሮ ሲሆን፣ አሸናፊው የትርጉም ሥራ ከሆነ ተርጓሚው 25,000ውን ይወስዳል። ዝርዝሩ ረጅም መሆኑ አንዳንዱን ያሰለቻል፤ ለእኔ ግን ጥቅሙ ከርዝመቱ ነው።

አንድ ሽልማት ለምን እንደተመሠረተ ማወቅም ይረዳል። በ1991 የቡከር የመጨረሻ ዕጩዎች ስድስቱም ወንዶች መሆናቸው ያስቆጣቸው ሰዎች ባደረጉት ጥረት ከ1996 ጀምሮ የሴቶች የልብ ወለድ ሽልማት መሰጠት ጀመረ። የናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ «ሃፍ ኦቭ ኤ የሎው ሰን» በ2007 ይህን ሽልማት ወስዶ፣ በ2020 ደግሞ ከሩብ ምዕተ ዓመቱ አሸናፊዎች ሁሉ የሚበልጠውን አንባቢዎች በድምፅ እንዲለዩ ሲጠየቁ እርሱኑ መርጠዋል። ዳኞችና አንባቢዎች በአሥራ ሦስት ዓመት ልዩነት በአንድ መጽሐፍ ላይ ሲገናኙ ብርቱ ምስክርነት ነው። ስለ ቢያፍራ ጦርነት፣ ማለትም ስለ ናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርክ ሆኖ፣ የተማረ ቤተሰብ ከሳሎን ወግ ወደ ስደተኛ ሰልፍ የሚወርድበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። በእንግሊዝኛ ረጅም ልብ ወለድ ማንበብ ለሚጀምር ሰው አስቀድሜ የምጠቁመው ይህን ነው፤ በቅርብ ዓመታት ጦርነት ቤቱ ለደረሰበት አንባቢ ግን ከባድ እንደሚሆን አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

አሸናፊውን ከመግዛት ዝርዝሩን መከታተል

የአሸናፊው መጽሐፍ ዋጋ ወዲያው ይወደዳል፣ በቤተ መጻሕፍትም ተራው ይረዝማል። ስለዚህ ዝርዝሮቹ የሚወጡበትን ጊዜ ይያዙ። የቡከር ረጅም ዝርዝር በሐምሌ መጨረሻ ገደማ፣ አጭሩ በመስከረም፣ አሸናፊው ደግሞ በኅዳር ይታወቃል። ፑሊትዘር በሚያዝያ መጨረሻ፣ ዓለም አቀፉ ቡከር በግንቦት፣ የሴቶቹ ሽልማት በሰኔ፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በኅዳር ይሰጣሉ። ዝርዝሩ በወጣ ሰሞን የአሥራ ሦስቱንም መጻሕፍት የአንድ አንቀጽ መግለጫ አንብበው፣ አንዱን ከሚያውቁት ዓለም፣ ሌላውን ፈጽሞ ከማያውቁት ዓለም ይምረጡ፤ ማን እንዳሸነፈ ከዚያ በኋላ ቢሰሙ አይጎዳዎትም።

ከዚህ የሚበልጠው ዘዴ በተለያዩ ዳኞች ዝርዝር ላይ የተደጋገመውን ስም መያዝ ነው። የፐርሲቫል ኤቨረት «ጄምስ» በ2024 የቡከር የመጨረሻ ዕጩ ቢሆንም አላሸነፈም፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት፣ በ2025 ደግሞ ፑሊትዘርን ወሰደ። ሦስት የማይተዋወቁ ጉባኤዎች አንድ መጽሐፍ ላይ ዐይናቸው ካረፈ፣ ቢያንስ ሃያ ገጽ ሊነበብ ይገባዋል።

ሽልማት የሚያልፋቸው መጻሕፍት እንዳሉም አይርሱ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ሐኪም አብርሃም ቨርጊስ በከተማዋ ያለ የሚሲዮን ሆስፒታል ውስጥ የሚጀምረውን «ከቲንግ ፎር ስቶን» በ2009 ሲያወጣ ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱንም አላገኘም፤ መጽሐፉ ግን በአንባቢ ምስክርነት ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር ኖሯል።

አሥር ገጽ ከመጀመሪያው፣ ሁለት ገጽ ከመካከሉ

የጀርባ ሽፋን ላይ የታተመውን ሙገሳ ለጊዜው ይተዉትና የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች ያንብቡ። በመቀጠልም መካከሉን ገልጠው ሁለት ገጽ ይመልከቱ፤ ብዙ ደራስያን መግቢያውን እንደ ሙሽራ ልብስ ስለሚያስጌጡት የዘወትሩን ቋንቋ የሚያገኙት ከመካከሉ ነው።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋችን ለሆነ ሰዎች ይህ ፈተና የበለጠ ያስፈልገናል፤ የተሸላሚ መጻሕፍት ችግር ብዙውን ጊዜ ከቃላቱ ይልቅ ከአጻጻፉ ስልት ይመጣልና። የ2020ው የቡከር አሸናፊ «ሹጊ ቤይን» ገጸ ባሕርያቱን በግላስጎው ሠፈር አነጋገር ያናግራል፤ ጮክ ብሎ ካልተነበበ አይገባም። የኤቫሪስቶ «ገርል፣ ውማን፣ አዘር» አራት ነጥብ የለውም ሊባል ምንም አይቀረውም፤ ከአሥር ገጽ በኋላ ግን እንደ ግጥም ይፈስሳል። «ኦርቢታል» ትንሽ መጽሐፍ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስድስት ጠፈርተኞች በአንድ ቀን ምድርን አሥራ ስድስት ጊዜ ሲዞሩ ከማየት በቀር የሚከታተሉት ሴራ ስለሌለ፣ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ረጅም ነው። «ዘ ሻዶው ኪንግ» ንግግሮችን በትእምርተ ጥቅስ አይለይም፤ በየመካከሉም የተረሱ ፎቶግራፎች መግለጫና ንጉሠ ነገሥቱ ኦፔራ የሚያዳምጡባቸው ክፍሎች ይገባሉ። የአገራችንን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እነዚህን ክፍሎች እንዳይዘላቸው እመክራለሁ፤ ሳይነገር የታለፈውን እርሱ ከራሱ ይሞላዋልና።

እነዚህ ልብ ወለዶች ለአዋቂ የተጻፉ መሆናቸውንም ማሰብ ያስፈልጋል። «ዘ ሻዶው ኪንግ» እና «ዘ ቬጀቴሪያን» ሁለቱም ወሲባዊ ጥቃትን ያሳያሉ። ለንባብ ክበብ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ይህን ለአባላቱ በግልጽ አስቀድሞ ቢናገር፣ በስብሰባው መካከል ተነስቶ የሚወጣ ሰው አይኖርም።

በአማርኛ ሲሆን

በአማርኛ ልብ ወለድ ዘንድ እንዲህ ያለው የሽልማት ሥርዓት ሲቋረጥ የኖረ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተሸለሙበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ከ1966 ዓ.ም.ቱ ለውጥ ወዲህ አልቀጠለም፤ በቅርብ ዓመታት እንደ ሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያሉ ጥረቶች ታይተዋል። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ሌሎች ምልክቶችን ማንበብ ግድ ይሆንበታል። የመጀመሪያው የእትም ብዛት ነው፤ ከርእሱ ገጽ ጀርባ ስንተኛ እትም እንደሆነና በመጀመሪያውና በመጨረሻው እትም መካከል ስንት ዓመት እንዳለ ይመልከቱ። በአንድ ዓመት አምስት ጊዜ ከታተመ ይልቅ በሃያ ዓመት አምስት ጊዜ የታተመው ይበልጥ ያስተማምነኛል። ሁለተኛው ትረካ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ማንበብ ለማይችለውም ደርሷል፤ ከዚህ የበለጠ ማኅተም የትኛው ዳኛ ይሰጣል? ሦስተኛው ትርጉም ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ2025 በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ አማርኛ ለማያነቡ ልጆቻችን ልንሰጠው የምንችለው መጽሐፍ ነው ማለት ነው።

ስለ ስደት የተጻፈ ልብ ወለድ የሚፈልግ ሰው የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ ሥራ ያንብብ። በዋሽንግተን ትንሽ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊና ሁለት አፍሪካውያን ጓደኞቹ የሚተረኩበት ይህ መጽሐፍ በአሜሪካ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ»፣ በብሪታንያ ደግሞ «ችልድረን ኦቭ ዘ ሬቮሉሽን» ተብሎ ነው የታተመው፤ በ2007 የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት ያገኘውም በሁለተኛው ስሙ ነው። እንደ እኔ አዲስ ሥራ መስሎዎት ሁለት ጊዜ እንዳይገዙት።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኖረው ዐረብኛ የሚያነቡ ወገኖቻችን በ2008 የተጀመረውን ዓለም አቀፉን የዐረብኛ ልብ ወለድ ሽልማት ቢከታተሉ ስለ ራሳቸው ሕይወት ያነብባሉ። የ2013ቱ አሸናፊ፣ የኩዌታዊው ሳዑድ አል ሳንዑሲ «የቀርከሃው ግንድ»፣ ከፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛና ከኩዌታዊ አባት የተወለደን ልጅ ይተርካል። በ2019 ረጅም ዝርዝር የገባው የኤርትራዊው ሐጂ ጃብር «ጥቁር አረፋ» ደግሞ እስራኤል ለመግባት ሲል ራሱን ቤተ እስራኤል ያደረገን ስደተኛ ይከተላል።

መጽሐፉን ስለማግኘት

አዲስ አበባ ላይ አዲስ የውጭ ልብ ወለድ ውድ ስለሆነ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ቀደምት ዝርዝር ይዞ ወደ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች መሄድ ይሻላል፤ ስሙን በወረቀት ጽፈው ለአዟሪው ቢተዉለት ሲያገኝ ይደውልልዎታል። ወመዘክርንና አብርሆትንም አስቀድሞ መጠየቅ ወጪ ያድናል። አሜሪካ ያለ አንባቢ በቤተ መጻሕፍት ካርዱ ሊቢ በተባለው መተግበሪያ ተራ መያዝ ወይም የሌለውን ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ማስመጣት ይችላል። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ባለሙያዎች በስምንት ዘርፍ የሚያወጡት «ዘ ሪዲንግ ሊስት» የተባለ ዓመታዊ ምርጫም አለ፤ ከፍቅር እስከ አስፈሪ ታሪክ ያለውን ስለሚሸፍን ከቡከር ጋር ላልተግባቡ ሰዎች ይመቻል።

በመጨረሻም አንድ ደብተር ይያዙ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሽልማቱን፣ ዓመቱን፣ ካቋረጡት ደግሞ ያቋረጡበትን ገጽና ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ። ከሃያ መጻሕፍት በኋላ የትኞቹ ዳኞች ከእርስዎ ጋር እንደሚስማሙ ደብተሩ ያሳይዎታል። በእኔ ደብተር የደብሊን ዝርዝር ይመራል፤ ከቡከር ግን አሸናፊዎቹን ትቼ የጨረስኳቸው አብዛኞቹ በአጭሩ ዝርዝር የቀሩት ናቸው። «ስልሳኛው ገጽ» ከሚለው መስመር አጠገብ ደግሞ ሁለት መጻሕፍት ላይ «እንደገና ይሞከር» ብዬ ጽፌያለሁ፤ አንዱን ባለፈው ክረምት ጨርሼዋለሁ።